በጣት የሚለቀም ዛፍ፦ የአፍሪካ የዛፍ ሲሳይና ምድረ ጋሞ

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት የሥነ ፍጥረትን ነገር ሲያስተምሩ፣ በዕለተ ሠሉስ ምድር ያስገኘቻቸውን ሁሉ በጣት የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕትና በምሳር የሚቆረጡ ዕፅዋት ብለው በሦስት ይከፍሏቸዋል። ይህን ትምህርት በልቡ ይዞ ወደ አርባ ምንጭ የወረደ መንገደኛ ግን፣ ቁመቱ ከጣሪያ የሚያልፍ፣ ግንዱ የደነደነ፣ ስሙም ሃለኮ የሚባል ዛፍ በየጓሮው ቆሞ፣ እናቶች በጣታቸው ቅጠሉን እየለቀሙ ለእራት ሲያዘጋጁት ባየ ጊዜ፣ ከዕፅዋት ወገን ይቁጠረው ወይስ ከአትክልት ብሎ ቆም ማለቱ አይቀርም። የዚህም ጽሑፍ ነገር ከዚሁ ጥያቄ ይነሣል፤ ዛፍ ለሰው ልጅ ማዕድ ምን ያህል ይሰጣል? የሰጠውንስ ማን ቆጠረው?

የዛፍ ምግብ ሲነሣ በዓለም ገበያ አስቀድሞ የሚጠራው ጠንካራ ቅርፊት ያለው ፍሬ፣ ማለት የለውዝ ወገን ነው። ያዕቆብ ወደ ግብፅ ከላከው እጅ መንሻ መካከል ለውዝ እንደ ነበረበት፣ የአሮንም በትር ለውዝ እንዳፈራች መጻሕፍት ይነግሩናል። በዛሬው አማርኛ ግን ለውዝ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ኦቾሎኒን ነው፤ እርሱም ከባቄላና ከአተር ወገን ሆኖ ፍሬውን ከአፈር በታች የሚይዝ እንጂ የዛፍ ፍሬ አይደለም። ቃሉ ከቅርንጫፍ ወደ አፈር መውረዱ፣ የዛፉ ለውዝ ከገበታችን ምን ያህል የራቀ እንደ ሆነ ያስረዳል።

በአህጉራችን የለውዝ ወገን ታሪክ የስደትና የንግድ ታሪክ ነው። ካሽው የተባለውን ዛፍ ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዓመት ከብራዚል ወደ ሞዛምቢክ ጠረፍ አመጡት፤ ሞዛምቢክና ታንዛኒያም በዚህ ፍሬ ዓለምን የመሩበት ዘመን ነበረ። ከጊዜ በኋላ ጦርነትና ያልተሳካ የገበያ ሥርዓት የምሥራቁን እርሻ ሲያዳክሙት፣ ኮትዲቯርን የመሳሰሉ የምዕራብ አገሮች ተነሥተው፣ ዛሬ ከዓለም ጥሬ ካሽው ከግማሽ የሚበልጠው ከአፍሪካ ይወጣል። ነገር ግን ቅርፊቱ ቆዳ የሚያቃጥል ቅባት ስላለው መፈልፈሉ ብርቱ ሙያና መሣሪያ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ከምርቱ የሚበዛው እንደ ተለቀመ ወደ ህንድና ወደ ቬትናም ተጭኖ ይሄዳል። ማካዳሚያም ከአውስትራሊያ መጥቶ በደቡብ አፍሪካና በኬንያ ደጋማ አገር ቢለመልም፣ ፍሬው በአብዛኛው የባዕድ ገበታ ነው። በሰሜን አፍሪካ በሞሮኮና በቱኒዚያ ግን የዛፉ ለውዝ የአገሬው የራሱ ማዕድ ሆኖ ኖሯል።

ኢትዮጵያም ከዚህ በረከት ፈጽማ የተለየች አይደለችም። በኦጋዴን ምድረ በዳ የሂብ የሚባል ቁጥቋጦ አለ፤ ፍሬውን አርብቶ አደሩ ቀቅሎ ወይም ቆልቶ ይመገበዋል፤ ነገር ግን ግጦሽና ድርቅ ስለ በዙበት ከብዙ ስፍራ እየጠፋ ነው። ከሴኔጋል ጀምሮ አህጉሩን የሚያቋርጠው ሺያ የሚባለው የቅባት ዛፍም የምሥራቅ ዳርቻው እስከ ጋምቤላ ይደርሳል።

አርባ ምንጭ ያለችበት ምድረ ጋሞ ግን የዛፍ ሲሳዩን በሌላ መልክ ተቀብሏል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ካለው ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ፣ የዓባያንና የጫሞን ሐይቆች ከኋላው ትቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው፣ አርባ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ፣ የምግብ ዛፎችን ሁሉ እንደ መሰላል እርከን እያለፈ ይሄዳል። ከታች በላንቴና በጫኖ ሜዳ ሙዝና ማንጎ፣ ከላይ በጨንቻና በዶርዜ እንሰትና አፕል ይቀበሉታል። ሙዝና እንሰት በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ከዛፍ ባይቆጠሩም፣ ዓመቱን ሙሉ ቆመው የሚመግቡ ናቸውና ገበሬው ከዛፍ ለይቶ አያያቸውም።

አፕልን ወደ ጨንቻ ያመጡት የወንጌል መልእክተኞች ናቸው። ገበሬው ቀንበጡን በስለት ሰያፍ ቆርጦ፣ ኤም ኤም 106 በሚባለው ሥር ላይ ገጥሞ በፕላስቲክ ጨርቅ ሲያስረው ያየ ሰው፣ የአባቶቹን እንሰት በተከለበት እጁ አዲስ ጥበብ እንደ ተማረ ይገነዘባል፤ ከፍሬውም ይልቅ የተዳቀለው ችግኝ ሽያጭ ብዙውን ቤተሰብ ደግፏል። በቆላው ደግሞ በቆሎና ጥጥ ይዘራበት የነበረ ብዙ መሬት ወደ ሙዝ ተመልሷል፤ ጥሬው ሙዝ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ገብቶ ይበስላል። ነገር ግን ሙዝ አይጠብቅም፤ ማንጎም በአንድ ወቅት በስሎ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ዋጋው ይወድቃል፣ የተረፈውም ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል። የለውዝ ወገን ትልቁ ጸጋ ይህ ነው፤ ደርቆ ይቆያል፣ የባለቤቱንም ቀን ይጠብቃል።

ለምድረ ጋሞ ይህን ጸጋ በከፊል የያዘው ሃለኮ ነው። በአማርኛ ሽፈራው የሚባለው ይህ ዛፍ ከህንዱ ሞሪንጋ ጋር ወገን ቢሆንም፣ የትውልድ ስፍራው ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ነው። ጎመን በበጋ ሲጠወልግ እርሱ ለምልሞ ይቆማል፤ እናት ቅጠሉን ከዘንጉ ለይታ ትቀቅለዋለች፣ የበቆሎ ወይም የማሽላ ሊጥ አድቦልቡላ ከቅጠሉ ጋር ታበስላለች፣ ኩርኩፋ የሚባለው ምግብም ይሆናል። ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ብረት ስላለው እህል ብቻውን ሲበላ የሚጎድለውን ይሞላል። ቅጠሉም በጥላ ደርቆ ሲፈጭ ለወራት ይቀመጣል፤ ዱቄቱና ሻዩ ከጋሞ አልፎ በአዲስ አበባ መደብሮች ይሸጣል።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው የምግብ ሚዛን መዝገቡ ለለውዝ ወገን የራሱ ዓምድ አለው፤ ለሃለኮ ቅጠል ግን የለውም። ስለዚህ በመዝገብ ሲታይ ደሀ የሚመስለው ጓሮ፣ በማጀት ሲታይ ባለጸጋ ሆኖ ይገኛል። ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ ጠባቂ አያገኝም፤ ከአርባ ምንጭ ግርጌ ያለው የምንጮቹ ደን በማገዶ ለቃሚ ሸክም ሲሳሳ ያየን ሁሉ ይህን እናውቃለን። እንግዲህ የእርሻ ባለሙያው ሄክታርንና ኩንታልን ሲጽፍ፣ በየደጁ የቆመውን ሃለኮም አብሮ ይጻፍ፤ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪም እናቶች የሚያውቁትን የአደራረቅና የአቀማመጥ ሙያ ሰብስቦ ያቆይልን። ዛፍ በምሳር አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ የጋሞ እናት ግን በጣቷ ለቅማ፣ ዛሬ የወሰደችበት ቅርንጫፍ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ሲያቆጠቁጥ ታገኘዋለች።