ወጣት ባዝራዎች ለታላቅ እሽቅድምድም ስለሚሰናዱበት ሥርዓት

ፈረስ በአገራችን ታሪክ ያለው ስፍራ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሳቸው ስም እንደ ሆነ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ነገር ግን ፈረስን መውደድና ፈረስን ማሳደግ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ፈረስ የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ ውርንጭላይቱ ከተወለደችበት ቀን አንሥቶ ኮርቻ እስክትሸከም ድረስ ያለውን ጊዜ በቁጥርና በልክ የሚያስተዳድር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆዩት እንግሊዞች ወጣት ባዝራዎቻቸውን ለታላቅ እሽቅድምድም የሚያሰናዱበትን ሥርዓት፣ ከዚያም ለእኛ የሚጠቅመውን፣ ለክቡራን አንባብያን በአጭሩ እንገልጻለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ዘራቸውና ስለ እሽቅድምድሞቹ

የእንግሊዝ የእሽቅድምድም ፈረስ ዘር የተገኘው ከ17ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ጀምሮ ከምሥራቅ አገር የመጡ ድንጉላዎች ከአገሩ ባዝራዎች ጋር ተዳቅለው ነው። ከእነዚህም ድንጉላዎች በወንድ ወገን ዘራቸው እስከ ዛሬ የጸናው ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱም አንዱ በ1704 ዓ.ም. ከሶርያ ከተማ ከሐለብ ተገዝቶ የሄደ የዐረብ ፈረስ ነው። እንግሊዞቹ ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የየአንዳንዱን ፈረስ አባትና እናት በመዝገብ እያተሙ ያስቀምጣሉ፤ በዚያ መዝገብ ያልተጻፈ ፈረስ ምንም ቢፈጥን ከዘሩ አይቆጠርም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው በመዝገቡ ባዝራይቱ ከድንጉላው ያላነሰ ክብር ያላት መሆኑ ነው፤ ድንጉላው ብዙ ልጆች በአንድ ዓመት ሲያስወልድ፣ እርስዋ አሥራ አንድ ወር ተሸክማ በዓመት አንድ ብቻ ስለምትሰጥ፣ የጥሩ ባዝራ መጥፋት የአንድ ፈረስ መጥፋት ብቻ ሳይሆን የአንድ ወገን መጥፋት ነው።

ለሦስት ዓመት ፈረሶች የተደነገጉት ታላላቅ እሽቅድምድሞች አምስት ናቸው። ከእነርሱም ሁለቱ ለባዝራዎች ብቻ የተለዩ ናቸው። የመጀመሪያው በኒውማርኬት ከተማ ከ1814 ዓ.ም. ጀምሮ በግንቦት ወር መጀመሪያ የሚደረገው የአንድ ሺሕ ጊኒ እሽቅድምድም ነው፤ ርዝመቱ አንድ ማይል፣ ማለት 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው በኤፕሶም ከ1779 ዓ.ም. ጀምሮ የሚደረገው ኦክስ የተባለው ነው፤ ርዝመቱ 2,400 ሜትር ያህል ሲሆን ሜዳው ዳገትና ቁልቁለት፣ መታጠፊያም ያለበት ስለ ሆነ ፍጥነትን ብቻ ሳይሆን የእግርን ጽናት ይፈትናል። ከእነዚህ በኋላ በመስከረም በዶንካስተር ከድንጉላዎች ጋር 2,900 ሜትር ገደማ የሚሮጡበት የሴንት ሌጀር እሽቅድምድም አለ፤ በዚህም ባዝራዎች ከድንጉላዎቹ 3 ፓውንድ ቀንሰው ይሸከማሉ። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ዓመት ያሸነፉ ባዝራዎች ከ1868 እስከ 1985 ዓ.ም. ዘጠኝ ብቻ ናቸው።

ስለ አጀማመሩ

በእንግሊዝ አገር የእሽቅድምድም ፈረስ ሁሉ፣ በማናቸውም ወር ቢወለድ፣ ዕድሜው የሚቆጠረው ከጥር 1 ቀን ነው። ስለዚህ በግንቦት የተወለደች ከየካቲቱ ጋር እኩል ዕድሜ እንዳላት ትቆጠራለች፤ አስተዋይ አሠልጣኝ ግን መዝገቡን ሳይሆን አጥንትዋን አይቶ ይለያታል።

ውርንጭላይቱ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት፣ በመከር ወራት፣ ወደ አሠልጣኙ ጋጣ ትገባለች። በመጀመሪያ የሰው እጅ ያስለምዷታል፤ ቀጥሎ ልጓም ያጐርሷታል፤ በረጅም ገመድ ይዘው በቀኝም በግራም በክብ ያዞሯታል፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ኮርቻ ይጭኑባታል፤ በመጨረሻም ቀላል ሰው በሆዱ ተጋድሞባት ሳትደነግጥ ከቆመች ይቀመጥባታል። ይህ ሁሉ ሳምንታት ይፈጃል እንጂ በአንድ ቀን ትግል አይፈጸምም። የቤተ ክህነት ተማሪ ፊደል ሳይለይ ዳዊት እንደማይደግም ሁሉ፣ ልጓም ያልለመደች ባዝራ ግልቢያ አትማርም። በዱላ የተገራች ፈረስ በዱላ ጊዜ ብቻ ትታዘዛለች፤ በትዕግሥት የተገራችው ግን በጭንቅ ቀን ጋላቢዋን ትሰማለች።

ኮርቻውን ከተቀበለች በኋላ ረጋ ያለ ሽማግሌ ፈረስ ፊት ፊቷን እየመራ ከጓደኞችዋ ጋር በተርታ ትወጣለች። በኒውማርኬት ዙሪያ ያለው መስክ እጅግ ሰፊ፣ ከሥሩም ውሃ የማይቋጥር የኖራ ድንጋይ ስለ ሆነ፣ ሣሩ እግር አያንሸራትትም። በዚያ ማለዳ ማለዳ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ቀጥሎም ቀስ ያለ ደንገላሳ ትለማመዳለች። ዳገት ይመርጡላታል፤ ዳገት በዝግታም ቢሄዱበት ሳንባንና የኋላ እግርን ያበረታልና። ፈጣን ግልቢያ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ አይሰጣትም፤ በእሑድም ታርፋለች።

ስለ አጥንትና ስለ ዕድሜ

የዚህ ሥርዓት ምክንያቱ አጥንት ነው። የፈረስ አጥንት የሚረዝመው በጫፎቹ ካለው ለስላሳ ክፍል ነው። ከፊት እግር ጉልበት በላይ ያለው ክፍል እስኪጠነክር ድረስ ሁለት ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ የጀርባ አጥንትስ ከዚያ ብዙ ይዘገያል። ባዝራይቱ ከውጭ ሲያይዋት ያደገች ትመስላለች፤ ውስጧ ግን ገና ነው። በዚህ ዕድሜ አብዝተው ቢያስሮጧት የፊት ቅልጥሟ ያብጣል፣ ሲነኩትም ያማታል፤ ችላ ቢሉት ይሰነጠቃል።

ይሁን እንጂ አጥንት ፈጽሞ በመቆምም አይጠነክርም። በየጥቂት ቀኑ የሚሰጥ አጭር፣ ፈጠን ያለ፣ ቀስ በቀስ የሚጨመር ሥራ አጥንቱን ለሩጫ ያዘጋጀዋል፤ ረጅምና አሰልቺ ግልቢያ ግን ያደክመዋል። ስለዚህ የሁለት ዓመት ባዝራዎች የሚገቡበት የመጀመሪያው እሽቅድምድም 1,000 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶች ምሳሌ በዚህ ጋጣ ውስጥ ተፈጽሞ ይታያል።

ስለ ምግብና ስለ ጠባይ

የፈረስ ጨጓራ ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ነው፤ የበላውንም ወደ ላይ ሊመልስ አይችልም። ስለዚህ እህሉን በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ከፍለው ይሰጣሉ፤ አጃ ዋናው ነው፤ ንጹሕ ድርቆሽና ውሃ ግን አይለይም። አንድ የ450 ኪሎ ፈረስ በቀን 10 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል።

ወጣት ባዝራ ከድንጉላ ይልቅ ሥራ ሲበዛባት ቶሎ ምግብ ትተዋለች። ስለዚህ አሠልጣኙ ማለዳ ከሁሉ በፊት የሚጐበኘው ገበታዋን ነው፤ ባዶ ከሆነ ሥራው ተስማምቷታል፤ እህሉ ተርፎ ካደረ ግን የዚያን ቀን ግልቢያ ይቀርባታል። ሁለተኛው ምልክት ጠጕር ነው፤ የክረምቱን ሻካራ ጠጕር አራግፋ አዲሱ እስኪያበራ ድረስ ለትልቅ ሥራ አያጣድፏትም። በጸደይ ወራትም በየሦስት ሳምንቱ ድንጉላ የምትፈልግበት ቀን ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ጠባይዋ ቢለወጥ ክፋት አይደለም፣ ባሕርይ ነው።

ለዚህ ሁሉ ምሳሌ የሚሆነው የሰን ቻሪዮት ታሪክ ነው። ይህች ባዝራ በ1939 ዓ.ም. በአየርላንድ ተወልዳ ለንጉሥ ጊዮርጊስ ስድስተኛ ትሮጥ ነበር። በመጀመሪያ ተስፋ የሌላት መስላ ስለ ታየች አሠልጣኙ ፍሬድ ዳርሊንግ ወደ አየርላንድ ሊመልሳት አስቦ ነበር፤ የማሻገሪያ ፈቃዱ ቢዘገይ በዚያው መካከል ፍጥነቷ ተገለጠ። ጠባይዋ ግን አስቸጋሪ ነበር። በ1942 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት በኒውማርኬት በተደረገው የኦክስ እሽቅድምድም መነሻው ላይ እምቢ ብላ ወደ ግራ ሸሸች፣ ሌሎቹም ብዙ ርቀት ቀደሟት። ጋላቢዋ ጎርደን ሪቻርድስ ግን አልተቈጣም፤ ቀስ ብሎ አስተካክሎ በየተራ ደረሰባቸውና አሸነፈ። በዚያው ዓመት ሦስቱንም እሽቅድምድም አሸነፈች፤ በሴንት ሌጀርም የዚያን ዓመት የደርቢን አሸናፊ ድንጉላ ቀደመችው። ከዚያ በኋላ ወደ መስክ ተመልሳ ወለደች፤ ልጅዋ ላንዳውም በ1954 ዓ.ም. ታላቅ እሽቅድምድም አሸንፏል።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፦ በ1902 ዓ.ም. ሴፕተር የተባለችው ባዝራ ያለ ዕረፍት ሮጣ ከአምስቱ ታላላቅ እሽቅድምድሞች አራቱን አሸንፋ የለምን? ይል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን እንደ እርስዋ ያለች ከዚያ ወዲህ አልታየችም፤ ለብዙዎች የሚሆን ሥርዓት ደግሞ በአንዲት ልዩ ፍጥረት አይደነገግም። በእኛ ዘመን የሆነውን ብንመለከት፣ በኒውማርኬት ጆን ጎስደን ያሠለጠናት ኢኔብል በሁለት ዓመትዋ አንድ ጊዜ ብቻ ሮጣ ዐረፈች፤ በ2017 ዓ.ም. በሦስት ዓመትዋ ኦክስን፣ ቀጥሎም በፈረንሳይ አገር ታላቁን የአርክ ደ ትሪዮምፍ እሽቅድምድም አሸነፈች፤ አርክንም በ2018 ደገመችው፤ በ2020 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ሆኗት ሳለ ገና ታሸንፍ ነበር። ሲጀመር የተቈጠበው ጉልበት ኋላ ተከፈለ።

ለእኛ የሚጠቅመው

በተወለድሁበት አገር ልጅ ሳለሁ ያየሁትን አንድ ነገር ልናገር። የአንድ ባለ ጸጋ ዳማ ባዝራ ነበረች፤ ሁለት ዓመት ገና ሳይሞላት ለጥምቀት ጉግሥ ከነሙሉ ዕቃዋ ተጫነች። ያን ቀን ሕዝቡ ሁሉ አጨበጨበላት። በማግሥቱ የፊት እግሯ አበጠ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ አነከሰች፤ ሰው ግን ዓይኑን እንጂ እጁን አልከሰሰም፤ ቡዳ በላት ተባለ። የበላት ግን ችኰላ ነበር።

ፈረሶቻችን ከእንግሊዞቹ በቁመትም በክብደትም ያነሱ ናቸው፤ የእንግሊዝ የእሽቅድምድም ጋላቢ ከነኮርቻው በአብዛኛው ከ60 ኪሎ ብዙም አይበልጥም፣ የእኛ ፈረሰኛ ግን ከነዕቃው ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ እኛ ከእነርሱ ይልቅ ልንታገሥ ይገባናል። ፈረስ ያላችሁ፣ በየአውራጃውና በየወረዳውም ሕዝብ የምታስተዳድሩ ሁሉ የሚከተለውን ብትፈጽሙና ብታስፈጽሙ መልካም ነው።

አንደኛ፤ ውርንጭላ የተወለደበት ቀን፣ የእናቱና የአባቱ መልክ በደብተር ይጻፍ። ሳይጻፍ የቀረ ዘር ከባለቤቱ ጋር ይሞታል።

ሁለተኛ፤ የልደቱ ቀን ያልታወቀ እንደ ሆነ ጥርስ ይታይ። የፊቶቹ መካከለኛ ሁለት የወተት ጥርሶች የሚለወጡት በሁለት ዓመት ተኩል፣ ከእነርሱ ቀጥለው ያሉት በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ነው። የመካከሎቹን ያልለወጠች ባዝራ ሰው አይቀመጥባት፤ ሁለተኞቹን ያልለወጠችም ለጉግሥና ለሽምጥ ግልቢያ አትቅረብ።

ሦስተኛ፤ ከበዓል በፊት በአንድ ሳምንት ማሠልጠን ይቅር። ሥራው ከወራት በፊት በእርምጃና በሶምሶማ ይጀመር፤ በየሳምንቱ ጥቂት ይጨመር፤ የዕረፍትም ቀን ይኑረው።

አራተኛ፤ ገብሱ በአንድ ጊዜ አይከመር፣ በቀን ሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጥ፤ ጠባቂውም የተረፈውን በየማለዳው ለባለቤቱ ያሳውቅ።

አምስተኛ፤ ከሁሉ የበለጠችው ባዝራ ለግልቢያ ብቻ ስትባል አትለቅ፤ ጉልበቷ ሳይሰበር ለዘር ትመለስ።

አባቶቻችን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ብለዋል። እንግዲህ የሚያደርስ ፈረስ የሚገኘው ካደገ ነው። የባዝራይቱ አሸናፊነት በእሽቅድምድሙ ቀን የሚወሰን ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የተወሰነው ባለቤቷ ሊጋልባት እየቻለ በታገሠባቸው ቀናት ነው።