የልጅዎ መኪና የፊት እግር ሲላላ

ይህ ጽሑፍ በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ስለተቀመጠ አንድ ካርቶን ነው። በውስጡ ዘመድ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር የላከው፣ በሪሞት የሚነዳ፣ ጎማው ትልልቅ የሆነ የልጅ ፒክአፕ አለ። መኪናው የመጀመሪያውን ሳምንት ግቢውን ሲያተራምሰው ሰነበተ። ከዚያ ከድንጋይ ጋር ተጋጨና የፊት ጎማው መወላገድ ጀመረ፤ ቀጥ ብለህ ሂድ ሲሉት ወደ ግራ ይሄዳል። ልጅ አለቀሰ። አባት «ድሮም ተናግሬ ነበር! ገንዘብ ማባከን ነው» አለ። እናት ነገሩ ወደ ጠብ እንዳይሄድ ካርቶኑን አንስታ ከላይ አስቀመጠችው። ነገሩ በነፋስ መውጫም፣ በወገዳም፣ በእስቴ መካነ ኢየሱስም ያው ነው።

እኔ የምለው፣ ያ መኪና አልሞተም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው አንድ ቀጭን ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳና የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ደግሞም የጋይንትና የስማዳ ሰው ስለ ላላ የፊት እግር የሚያስተምረው ብዙም አያስፈልግም። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በጉና ጥግ፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚወርደውን፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩትንና ሰዉ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለውን መንገድ ያስቡ። አስፋልት ከመልበሱ በፊት በዚያ ጠጠር ላይ ስንት አይሱዙ ቴስታውን፣ ቡኮላውንና ባሌስትራውን እንደጨረሰ የቆዩ ሾፌሮችን መጠየቅ ነው። ጨጨሆ ላይ ቴስታ ቢወልቅ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው የልጁን መኪና ጎማ ሲወዛወዝ አይቶ ዝም ማለት የለበትም።

ነገሩን ካነሣን ዘንድ፣ በዚህ አገር ጎማ ሲፈተን የመጀመሪያው አይደለም። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በጋሪ እያስጎተቱ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ተጉዘዋል። መድፉን በጋፋት የሠሩት፣ በስዊዘርላንድ ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ክሪሾና ትምህርት ቤት ለወንጌል ሥራ የመጡ እንደ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ያሉ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። መንገዱን ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ አስጠርገዋል። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ለካ የጋይንት ዳገት ከጥንትም ጀምሮ ለጎማ አይራራም!

አሁን ወደ ልጁ መኪና እንመለስ። አይሱዙ ኤን ፒ አር የፊት ጎማዎቹ በባሌስትራ ላይ በተቀመጠ አንድ ወጥ ብረት የተያያዙ ናቸው። የሪሞቱ ፒክአፕ ግን እንደ ሃይሉክስ ነው፤ እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው ከላይና ከታች በብራቾ ተይዞ ይወጣል፣ ይወርዳል። ብራቾው ከሻንሲው ጋር የሚጋጠመው በቀጭን የብረት ዘንግ ነው። ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞረው በሁለት ጫፉ ትንንሽ ቴስታ ባለው ዘንግ ተገፍቶ ነው። ሞላና አሞርዛተርም አለው። በርካሽ መኪኖች ላይ አሞርዛተሩ ዘይት የሌለበት ባዶ ፕላስቲክ ነው፣ እሱን ይተዉት።

በመጀመሪያ ባትሪውን ይንቀሉ። ጣትዎ በማርሽ መካከል እያለ ልጁ ሪሞቱን ቢነካ ይጎዳዎታል። ቀጥሎ ጎማዎቹ አየር ላይ እንዲንጠለጠሉ መኪናውን በጡብ ወይም በወፍራም መጽሐፍ ላይ ያስቀምጡት። አቧራውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያራግፉ፤ በአቧራ የተሸፈነ ብሎን መላላቱ አይታይም።

የሚቀጥለው ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል። በጋራዥ አንዱ መሪውን ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ ሌላው ከሥር ተኝቶ በእጁ ቴስታውን ይዞ ያዳምጣል። ብቻውን የሚሠራ ሰው ጎማው መላላቱን ያያል እንጂ የላላው የትኛው መጋጠሚያ እንደሆነ ለማወቅ ይቸገራል። ስለዚህ ልጅዎን ይጥሩ። እሱ ወይም እሷ ጎማውን ይዘው በዝግታ ያወዛውዙ፤ እርስዎ ጣትዎን በየመጋጠሚያው ላይ ያሳርፉ። «ቀጭ» የሚል ነገር ጣትዎ ሥር ሲሰማዎት ጥፋተኛው እሱ ነው። ከዚያ ተቀያየሩ፤ የልጅ ጣት ቀጭን ስለሆነ እርስዎ የማይደርሱበት ይደርሳል። አባት መንገድ ላይ ከሆነ እናትና ልጅ ይሥሩት። ባልና ሚስት አብረው ቢቀመጡበትም ደስ ይላል፤ ግን ማን እንደሚያወዛውዝና ማን እንደሚያዳምጥ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ከተወዛወዘ በመጀመሪያ የጎማውን ዳዶ፣ ቀጥሎ ኩሽኔታውን፣ ከዚያ ጎማውን ከብራቾው ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ብሎኖች ይዩ። ግራና ቀኝ ሲያዞሩት ብቻ ከላላ ቴስታው ነው፣ ወይም የመሪው መጋጠሚያ። ብራቾው ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ዘንጉ ወይም የዘንጉ ቀዳዳ ተበልቷል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የላላ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። በመሪው መካከል ያለችው በሞላ የተያዘች ክፍል ጎማው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ትንሹን የመሪ ሞተር እንዳይሰብረው ሆን ተብሎ እንድትለጠጥ የተሠራች ናት። ብራቾውም ሞላው ሲፈታ በራሱ ክብደት ወደ ታች መውደቅ አለበት። «እንዳይላላ» ብለው ሁሉንም ብሎን እስከ መጨረሻ ካጠበቁት እግሩ ይደርቃል፤ የደረቀ እግር ደግሞ በሚቀጥለው ድንጋይ ላይ ይሰበራል። በሱፐር ግሉ መጋጠሚያ የሚያጣብቁትንማ ምን ልበላቸው! ስንት ደህና መኪና የጨረሰው ድንጋዩ ሳይሆን ሱፐር ግሉ ነው።

ጥገናው ይህን ይመስላል። ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባ ብሎን ወጥቶ ተመልሶ ሲገባ አዲስ ጥርስ እየቆረጠ ቀዳዳውን ያሰፋል። ስለዚህ ብሎኑን በቀዳዳው ላይ አስቀምጠው መጀመሪያ ወደ መፍቻው አቅጣጫ በቀስታ ያዙሩት። ቀጭ ብሎ ወደ አሮጌው ጥርሱ ሲወድቅ ይሰማዎታል፤ ከዚያ ያጥብቁት። ቀዳዳው ጨርሶ ከሰፋ ትንሽ ረዘም ወይም ወፈር ያለ ብሎን ይጠቀሙ። እንዳይፈታ የሚያደርገውን የብሎን ማጣበቂያ ብረት ከብረት ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ብቻ ይቀቡ፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያሰነጥቀዋል።

ዘንጉን አውጥተው በመስታወት ላይ ያንከባልሉት። የተጣመመ ከሆነ እየዘለለ ይንከባለላል። ውፍረቱ ከገጠመ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ተቆርጦ ጥሩ ዘንግ ይወጣዋል። ብራቾው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተትበትን ክፍተት ለመሙላት ከባዶ ሃይላንድ ፕላስቲክ ላይ በመቀስ ክብ ክብ ቆርጠው መካከሉን ይብሱና በዘንጉ ላይ ያስገቡ፤ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ያረጀ ቴስታ ደግሞ መቀየር ነው ያለበት። መለዋወጫው እስኪገኝ ግን ከስስ ፌስታል ቁራጭ ወስደው በብረቱ ድቡልቡል ራስ ላይ አልብሰው ፕላስቲኩን መልሰው ቢጫኑት ለጥቂት ሳምንታት ይይዛል። ከሽቦና ከቆርኪ፣ ከአሮጌ ኮንጎ ጫማ መኪና የሚሠሩ የገጠር ልጆቻችን ከዚህ የተሻለ ዘዴ ሳያውቁ አይቀሩም፤ እነሱን ማማከር ነውር የለውም።

ግራሶ ግን አይቀቡ። በትልቁ መኪና ቴስታ ላይ ግራሶው በጎማ ሽፋን ውስጥ የተዘጋ ነው። በልጁ መኪና ላይ ክፍት ስለሆነ የስማዳን አቧራ ሰብስቦ እንደ ሞረድ ይሞርደዋል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሁለቱ የመሪ ዘንጎች እኩል መርዘማቸውን በክር ይለኩ፤ አንዱ ከረዘመ መኪናው እንደገና ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ባትሪውን ይሰኩና ልጁ በለስላሳ መሬት ላይ በዝግታ አምስት ደቂቃ ይንዳው። ከዚያ መልሳችሁ አስቁሙት፣ ባትሪውን ንቀሉ፣ ጎማውን አሁንም አወዛውዙ። አዲስ የገባ ብሎን ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ትንሽ ላላ ማለቱ የተለመደ ነው፤ አንድ ሩብ ዙር ይበቃዋል። በዚህ ጊዜ ካቻቢቴውን የሚይዘው ልጁ ይሁን፣ እርስዎ ጣትዎን መጋጠሚያው ላይ ያሳርፉ።