ከዕቅዱ በፊት እርሻው የቱ ነው?

ለባንክ በሚቀርብ የእርሻ ፕሮጀክት ጥናት ላይ ጎልቶ የሚጻፈው የሄክታሩ ብዛት ነው። ደላላውም ቀድሞ የሚጠራው ይህንኑ ቁጥር ነው። ሆኖም በውል የተያዘ መሬትና የሚታረስ እርሻ አንድ አይደሉም። ሁለቱን ሳይለዩ ወደ አስተዳደር ዕቅድ መግባት የሚያስከትለውን ኪሳራ ጋምቤላ አሳይቶናል።

የህንዱ ካሩቱሪ ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በተፈራረመው ውል 100 ሺሕ ሄክታር ለ50 ዓመታት ተከራየ። አፈጻጸሙ ታይቶ 200 ሺሕ ሊጨመርለትም ታስቦ ነበር። ኪራዩ ለሄክታር በዓመት 20 ብር፣ በድምሩ 2 ሚሊዮን ብር ነበር። ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ርካሽ ዋጋ ነው። ኪራይ ሲረክስ ሄክታር መጨመር ወጪ አይመስልም፤ እውነተኛው ወጪ ግን ምንጣሮው፣ ትራክተሩ፣ ነዳጁና የጎርፍ መከላከያው ነው። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ባሮ ሞልቶ የኩባንያውን በቆሎ አጥለቀለቀው። መንግሥት በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ውሉን ሲሰርዝ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የለማው 1,200 ሄክታር ብቻ መሆኑን ገለጸ። ይህም ከ100 ሺሁ 1.2 በመቶ መሆኑ ነው። ኩባንያው ስረዛውን አልተቀበለም።

የወሰን ጉዳይም የራሱ ጣጣ አለው። በዚያው ክልል አንዱ መሬት ለሁለት ባለሀብቶች የተሰጠበት «የመሬት መደራረብ» ሲጋለጥ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ካዛንቺስ የሆነው የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለዝናብ እርሻ የሚሰጠውን ብድር በ2008 ዓ.ም. አቋረጠ። የአንዱ ካርታ ስህተት ለሌላውም ተረፈ።

እንግዲህ ስሌቱ እንዲህ ይሠራል። ለምሳሌ በውል የተያዘው 1,000 ሄክታር ይሁን። ከዚህ 300ው ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ 100ው የአካባቢው ሕዝብ ከብት የሚያሰማራበት ከሆነ፣ የሚታረሰው 600 ነው። ያሉት ትራክተሮች በአንድ የዘር ወቅት ከ250 በላይ የማያርሱ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት እርሻ 250 ሄክታር ነው። የሠራተኛ ቅጥሩ፣ የዘር ግዥውና የብድር አመላለሱ መታቀድ ያለበት በዚህ ቁጥር ነው። የቀረው 750 ኪራይ ይከፈልበታል እንጂ ዕዳ አይከፍልም።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት ወሰኑን በቀያሽ ማስለካት፣ የጎረቤቱን ካርታ ጭምር ማየት፣ ቦታውንም በነሐሴ መጎብኘት ያስፈልጋል። በጥር ደረቅ ሜዳ ሆኖ የታየ መሬት በነሐሴ ሐይቅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የጉዞው ወጪ ከአንድ ዓመት የባንክ ወለድ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።