ካሜራዋን ይዛ ጦር ሜዳ የዘለቀች ሴት

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ያረጀ አባባል ስንቷን ሴት ከሥራ ሜዳ እንዳራቀ የታወቀ ነው። ጦርነትን በዓይን አይቶ ለዓለም መንገርም ለረጅም ዘመን የወንዶች ሥራ ብቻ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። ይህን እምነት በተግባር ካፈረሱት ሴቶች አንዷ ፈረንሳዊቷ የፎቶግራፍ ጋዜጠኛ ካትሪን ለርዋ ናት።

በፓሪስ አካባቢ ያደገችው ካትሪን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ገና በ21 ዓመቷ አንዲት ላይካ ካሜራ ይዛ ወደ ቬትናም ሄደች። ቋሚ ቀጣሪ አልነበራትም፤ ፎቶግራፎቿን ለዜና ወኪሎች እየሸጠች ትተዳደር ነበር። ቁመቷ አጭር፣ ክብደቷም ከ40 ኪሎ የማይበልጥ በመሆኑ ለጦር ሜዳ የምትሆን አትመስልም ነበር። ይሁን እንጂ የጃንጥላ ዝላይ አስቀድማ ተምራ ስለ ነበር በ1967 ከአሜሪካ አየር ወለድ ጦር ጋር ዘለለች።

በዚያው ዓመት «ኮረብታ 881» በተባለው ስፍራ አንድ ወጣት የጦር ሜዳ ሕክምና ረዳት በወደቀ ጓደኛው ላይ ጎንበስ ብሎ የልብ ትርታውን ሲያዳምጥ፣ ከዚያም መሞቱን አውቆ በሐዘን ቀና ሲል ተከታትላ አነሣች። በእነዚህ ፎቶግራፎች ውስጥ የድል ፉከራ የለም፤ የእናት ልጅ ለእናት ልጅ ሲያዝን ብቻ ይታያል።

ጥቂት ቆይቶ እርሷም በሞርታር ፍንጣሪ ክፉኛ ቆሰለች። ስትድን ግን ወደ ግንባሩ ተመለሰች። በ1968 በሁዌ ከተማ የሰሜን ቬትናም ወታደሮች ቢይዟትም ጋዜጠኛ መሆኗን አስረድታ ተለቀቀች፤ ከመለቀቋ በፊትም አግባብታ ፎቶግራፍ አነሣቻቸው። ሥራዋ በ«ላይፍ» መጽሔት ሽፋን ላይ ሲወጣ የአሜሪካ አንባቢ «ጠላት» የሚባለውን ሰው ፊት ለፊት አየው።

በ1972 ከፍራንክ ካቬስታኒ ጋር በሠራችው ዶኩሜንታሪ ፊልም፣ ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ጦርነቱን በመቃወም ወደ ማያሚ ያደረጉትን ጉዞ አሳየች። ከመካከላቸው በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አካለ ስንኩል ነበረ። በ1976 ደግሞ የቤይሩትን የጎዳና ውጊያ ባነሣችበት ሥራዋ የሮበርት ካፓን የወርቅ ሜዳይ በመሸለም የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ካትሪን በ2006 በካንሰር በሽታ አረፈች። ከጦር ሜዳ ለቤተሰቧ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ግን ዛሬም ይነበባሉ። ከእነርሱ እንደምንረዳው ፍርሃት የማታውቅ ሴት አልነበረችም። ፈርታም ትሠራ ነበር። ሴት ልጆቻችን ከእርሷ የሚማሩት የጦርነትን ፍቅር ሳይሆን፣ «ይህ ያንቺ ቦታ አይደለም» ሲባሉ በሥራቸው መልስ መስጠትን ነው።