ከድሬ ፀሐይ በፊት

ድሬዳዋ ወታደርን ከጥንት ታውቀዋለች። በ1969 ዓ.ም ክረምት የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር እስከ ደጃፏ መጥቶ የተመለሰው ከእሷ ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም የካራማራ ድል ሲበሰርም የምሥራቁ ግንባር ደጀን ነበረች። ያኔ ሃያ ዓመት የነበረው ወጣት ዛሬ ሰባ ሊደፍን ነው። በ1983 ዓ.ም የደርግ ሠራዊት ሲበተን፣ ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃም በኋላ ብዙ ሺህ ሰው ሲቀነስ፣ መለዮውን ያወለቀ ሁሉ ወደየሰፈሩ ገብቷል። በ2015 ዓ.ም የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽንም ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዷል። ከነዚህ ሁሉ መካከል ስኪዞፍሬኒያ፣ ባይፖላር፣ ከባድ ድባቴ ወይም ጦርነቱ ካለቀ በኋላም በቅዠትና በድንጋጤ የሚመላለስ ሰቀቀን ያለባቸው አሉ። እነዚህ ሰዎች ሕክምና ሲያገኙ በአብዛኛው የሚያገኙት መድኃኒት ብቻ ነው። የአካል እንቅስቃሴ ግን ለእነሱ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ሳይሆን ከመድኃኒቱ ጎን በሐኪም ሊታዘዝ የሚገባው የሕክምናቸው ክፍል ነው።

ስፖርትን በሕክምና ውስጥ ያስገባው ራሱ የጦርነት ቁስል ነው። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1948 አከርካሪያቸው የተጎዳ 16 የቀድሞ ወታደሮችን ቀስት አስወርውሮ አወዳደረ፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደው ከዚያ ነው። የክብር ዘበኛው ሻምበል አበበ ቢቂላም በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ በዚያው ስፍራ ታክሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በዚያው ውድድር ቀስት ወርውሯል። በሮምና በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ወደ ስፖርት ሲመለስ ማንም ቅንጦት ነው አላለም። አካሉ ለተጎዳ ወታደር ይህን ያህል ተቀብለን፣ አእምሮው ለተጎዳው ሲሆን «ይተኛ፣ ይረፍ» የምንለው በምን ምክንያት ነው?

ማስረጃው በእጃችን ነው። በሲድኒ አውስትራሊያ ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ የነበሩ 81 የሰቀቀን ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን ከተለመደው ሕክምና ሌላ ለ12 ሳምንት የጡንቻ ማጠንከሪያና የእግር ጉዞ እንዲያደርግ ተደረገ። ከሕሙማኑ ብዙዎቹ በፖሊስነት፣ በውትድርናና በአደጋ መከላከል ሥራ ያለፉ ነበሩ። እንቅስቃሴ ያደረጉት የሰቀቀኑ ምልክትም ድባቴውም ይበልጥ ቀለለላቸው፤ እንቅልፋቸውም ተሻሻለ። ስለ ስኪዞፍሬኒያ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ትንተና ደግሞ በሳምንት 90 ደቂቃ ያህል ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ የሕመሙን ምልክቶች እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለስኪዞፍሬኒያ የሚሰጠውን ሀሎፔሪዶል የሚወስድን ሰው አካሄድ ልብ ብሎ ያየ መንቀሳቀስ ለምን እንደሚያስፈልገው ለመረዳት አይቸገርም። ብዙ ጊዜ እርምጃው አጭር ነው፤ እጆቹ ከእርምጃው ጋር አይወዛወዙም፤ ፊቱም እንደደረቀ ነው። እንደ ኦላንዛፒን ያሉት መድኃኒቶች ደግሞ ምግብ ያስከጅላሉ፣ ክብደት ይጨምራሉ፣ ለስኳር በሽታም ያጋልጣሉ። መድኃኒቱን ማቋረጥ ሕመሙን ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህ አእምሮውን የሚያረጋጋለት መድኃኒት አካሉን እንዳያስረው መንቀሳቀስ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሳል፤ የእኛ ሰው የሚሞተው በውፍረትና በልብ ሕመም ሳይሆን በችግርና በተላላፊ በሽታ አይደለም ወይ? እውነት ነው። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው፣ የሞቱት ከሚጠበቀው ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው እንደነበር ታይቷል፤ ግማሽ የሚሆነው ሞትም በተላላፊ በሽታ ምክንያት ነበር። ጥናቱ ወታደሮችን ለይቶ የተደረገ ባይሆንም የሕመሙን ጭካኔ ያሳያል። የራበውን ሰው አስሩጦ ማዳን አይቻልም፤ እንጀራና መድኃኒት ይቀድማሉ። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች በቲቢና በሳንባ ምች የሚሞቱት አንድም ሳላቸውን የሚሰማ፣ መክሳታቸውን የሚያይ ሰው በአጠገባቸው ስለማይኖር ነው። በሳምንት ሦስት ቀን በአንድ ቦታ የሚሰበሰብ ቡድን ይህን ዓይን ይሰጣቸዋል። የቀረ ሰው ይጠየቃል፤ የሳለ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል፤ መድኃኒቱን ያቋረጠም ሳይቆይ ይታወቃል። ስለዚህ የቡታጅራው ቁጥር እንቅስቃሴን የሚቃወም ሳይሆን በቡድን እንዲሆን የሚያስገድድ ነው።

የሌላ አገር ፕሮግራም እንዳለ ተቀድቶ ግን ድሬዳዋ ላይ አይሠራም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎርፕሮማዚን የሰውነትን ሙቀት የመቆጣጠር አቅም ያዛባል፤ ቆዳም በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል። ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል ላብ ይቀንሳል። ሊትየም የሚወስድ ሰው ውኃ ካነሰው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ በዝቶ ሊመርዘው ይችላል። ስለዚህ ሰዓቱ ጠዋት 12 ነው፤ ቦታው እንደ ከዚራ ሰፈር ያለ የዛፍ ጥላ ያለበት መንገድ ነው፤ ውኃም ከእጅ አይለይም። ጠዋቱ ሌላም ጥቅም አለው። ከምሳ በኋላ ከተማው ጫት ለመቃም በርጫ ይቀመጣል፤ ሥራና ቤተሰብ ያጣ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ለጫት አሳልፎ ይሰጣል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ ወይም ከዱካክ ጋር ሲታገል ያድራል። በጎረቤት ሐርጌሳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም በቀድሞ ተዋጊዎች ላይ በርከት ብሎ እንደሚታይ፣ ታማሚዎቹም ጫት ከሌሎች ቀድመው የጀመሩና አብዝተው የሚቅሙ እንደነበሩ አሳይቷል። የእግር ጉዞ ብቻውን ጫት አያስጥልም። ማልዶ የሚጠብቀው ጓደኛ ያለው ሰው ግን በጊዜ የሚተኛበት ምክንያት አለው።

አንዳንዶች ደግሞ ሰልፍ፣ ፊሽካና ትእዛዝ የጦር ሜዳውን ትዝታ በታማሚው ላይ ይቀሰቅሳሉ ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱም በአሠራሩ ውስጥ ነው። ፊሽካ አይነፋ፣ ጩኸት አይሰማ፣ የደከመው ሲፈልግ ይቀመጥ፤ ሻምበሉም ተራው ወታደርም እኩል ይራመዱ። ትልቁም ትንሹም «አንተ» በሚባባልባት ድሬ ማዕረግን በር ላይ ጥሎ መግባት ከሌላው ከተማ ይቀላል። ከወታደርነቱ ሊመለስለት የሚገባው የጓድነቱ ስሜትና ማልዶ የመነሳት ልማዱ ነው።

«ማን ይመራዋል?» ለሚለው አገር ውስጥ መልስ አለ። በሶዶ ወረዳ ከየአካባቢው የተመረጡ፣ ሐኪም ያልሆኑ ግን የሠለጠኑ ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን በየቤታቸው እየሄዱ ሲደግፉ፣ የሕሙማኑ የዕለት ኑሮ አቅም እንደተሻሻለ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት አረጋግጧል። እንዲህ ያለ ሥልጠና ለጤነኛ የቀድሞ ወታደር ቢሰጥ ጓዱን ከማንም በላይ ይይዘዋል። እሑድ ጠዋት ማስ ስፖርት የለመደ ሕዝብም ባለበት ከተማ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። የሐኪሙ ድርሻ አስቀድሞ የደም ግፊትና የልብ ምርመራ ማድረግ፣ መድኃኒቱን ማመዛዘን ነው። ከዚያ በማዘዣው ወረቀት ላይ፣ ከሀሎፔሪዶሉ ሥር አንድ መስመር ይጨምር፦ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፤ ጠዋት 12 ሰዓት፤ 30 ደቂቃ። በሳምንት 90 ደቂቃ ማለት ይኸው ነው።