ካምልና ኢቨንትብሪጅ፦ በመተላለፊያው ላይ ለሚጠፋ መልእክት ተጠያቂው ማን ነው?



ዛሬ የምናገረው አፓቺ ካምል የተባለውን የሥርዓት ማስተሳሰሪያ ማዕቀፍ ከአማዞን ኢቨንትብሪጅ ጋር ስለማገናኘት ነው። ርእሱ ሲሰማ የጥቂት መስመር ኮድ ጉዳይ ይመስላል፤ ኮዱም በእርግጥ ጥቂት መስመር ነው። የሚያስቸግረው መልእክቱ ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው እስኪገባ ድረስ በመካከሉ ማን እንደሚጠየቅበት ማወቁ ነው።

አንድ ተማሪ የትምህርት ክፍያውን ፈጸመ እንበል። የክፍያው ሥርዓት ይህንን ለሬጅስትራር፣ ለመኖሪያ አገልግሎትና ለፋይናንስ ክፍል ማሳወቅ አለበት። መልእክቱ ከጠፋ ተማሪው ከፍሎ ሳለ ከምዝገባ ይታገዳል። ሁለት ጊዜ ከደረሰ ደግሞ ፋይናንስ ያልገባ ገንዘብ ይመዘግባል። ሁለቱም ስሕተቶች በአንድ ሰው ሕይወትና በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ላይ የሚያርፉ ስለሆኑ ይህን ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይዤው እሄዳለሁ።

ስለ ሁለቱ መሣሪያዎች በአጭሩ። ግሪጎር ሆፕና ቦቢ ዉልፍ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ሥርዓቶችን በመልእክት የማስተሳሰር 65 ንድፎችን ሰብስበው ስም አወጡላቸው። በ2007 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው ካምል እነዚያን ንድፎች ወደ ሥራ የለወጠ ማዕቀፍ ነው። ኢቨንትብሪጅ ከክላውድዎች ኢቨንትስ አድጎ በ2019 እ.ኤ.አ. በራሱ ስም የወጣ የሁነት ማከፋፈያ አገልግሎት ነው። ካምል በእኛው ፕሮግራም ውስጥ ይሠራል፤ መልእክቱ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ መስመሩን የምንጽፈው እኛ ነን። በኢቨንትብሪጅ ግን ላኪው ተቀባዮቹን አያውቅም። ሁነቱን ባስ ወደሚባለው የጋራ መተላለፊያ ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ ደንቦች እየመረጡ ወደየመድረሻው ይመሩታል። ነገ ቤተ መጻሕፍቱም ክፍያን ማወቅ ቢፈልግ አዲስ ደንብ ይጨመራል እንጂ የክፍያው ሥርዓት አይነካም። የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ችግር ሁሉ ምንጩም ይኸው አለመተዋወቅ ነው።

ካምል ለኢቨንትብሪጅ ያዘጋጀው ክፍል አዲስ ተጠቃሚን የሚያስደንቁ ሁለት ጠባዮች አሉት። አንደኛው፣ ምን እንዲሠራ ካልነገርነው ሁነት አይልክም፤ ያለ ትእዛዝ የሚመርጠው ተግባር ደንብ መፍጠር ነው። ሁነት እንዲልክ በግልጽ ማዘዝ፣ ምንጩንና የሁነቱን ዓይነት በራስጌ ማስቀመጥ፣ ዝርዝሩንም በጄሰን ቅርጽ በመልእክቱ አካል ውስጥ ማስገባት ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ክፍሉ ላኪ ብቻ ነው፤ ከባሱ አያዳምጥም። ስለዚህ ካምል በመቀበያውም በኩል እንዲቆም ከፈለግን የኢቨንትብሪጁ ደንብ ሁነቱን ወደ ኤስኪውኤስ ወረፋ እንዲያወርድ እናደርጋለን፤ ካምልም ከወረፋው ያነብባል። ዙሪያ ጥምጥም ቢመስልም እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው። የተቀባዩ ሰርቨር መብራት ቢጠፋበት መልእክቱ በወረፋው ይጠብቀዋል፤ የወረፋው የማቆያ ጊዜ ካልተለወጠ 4 ቀን ነው፣ እስከ 14 ቀንም ሊራዘም ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ላኪው «ተሳክቷል» የሚል መልስ ሲደርሰው ምን ተሳካ ማለት ነው?

ኢቨንትብሪጅ በአንድ ጥያቄ እስከ 10 ሁነት ይቀበላል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹን ሳይቀበል ቀርቶም ጥያቄው በጥቅሉ የተሳካ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ያልተቀበላቸውን ብዛት የሚነግረን በመልሱ ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር ነው። ካምል ደግሞ መልእክትን እንደገና የሚሞክረው የስሕተት ምልክት ሲነሣ ነው፤ የተሳካ በሚመስል መልስ ላይ የሚነሣ ምልክት የለም። ስለዚህ ቁጥሩን አንብቦ ከዜሮ ከበለጠ ስሕተት የሚያስነሣ እርምጃ በመስመሩ ላይ መጨመር የጸሐፊው ሥራ ነው። በብዙ የተማሪ ፕሮጀክቶች ላይ ይህች አንዲት እርምጃ ትጎድላለች።

ቁጥሩ ዜሮ ቢሆንስ? ያን ጊዜ እንኳ የምናውቀው ባሱ መቀበሉን ብቻ ነው። ከየትኛውም ደንብ ጋር ያልተዛመደ ሁነት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጣላል። ደንቡ ጽሑፍን የሚያመሳስለው ፊደል በፊደል ነው፤ ይህ ደግሞ በእኛ ቋንቋ የተለየ መዘዝ አለው። የሁነቱን ዓይነት ላኪው «ክፍያ ተፈጸመ» ብሎ፣ ደንብ ጸሐፊው «ክፍያ ተፈፀመ» ብሎ ቢጽፍ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ ልዩ ልዩ ቁጥር ያላቸው ፊደሎች ናቸው። ሀ፣ ሐና ኀም እንዲሁ። ስለዚህ የሁነት ስያሜዎች ከአንድ የጋራ ዝርዝር እንዲወሰዱ እመክራለሁ፤ ማንም ከጣቱ እንዳይጽፋቸው። ለጥንቃቄም ሁሉንም ሁነት የሚያስቀር ማኅደር በባሱ ላይ መክፈት ይቻላል፤ ደንቡ ከታረመ በኋላ ካለፈው ጊዜ ጀምሮ እንደገና ለማጫወት ይረዳል።

ደንቡ ተዛምዶ መድረሻው ለጊዜው ባይመልስ፣ ኢቨንትብሪጅ ቅንብሩ ካልተለወጠ እስከ 24 ሰዓት፣ እስከ 185 ጊዜ ደጋግሞ ይሞክራል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አለመግባባት አለ። እነዚህ 24 ሰዓታት የሚጀምሩት ባሱ ከተቀበለ በኋላ ነው። ከእኛ ግቢ እስከ ባሱ ያለው ኢንተርኔት ቢቋረጥ ኢቨንትብሪጅ ስለ ሁነቱ ምንም አያውቅም። በአፍሪካ ምድር ያለው የአማዞን ክልል በ2020 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የኬፕ ታውኑ ነው፤ መንገዱ ከአዲስ አበባ ሲታይ ረጅም ነው። ስለዚህ ክፍያው በዳታቤዝ ሲመዘገብ የሚላከው መልእክትም በዚያው አንድ ግብይት ውስጥ በተለየ ሠንጠረዥ እንዲጻፍ፣ ካምልም ከሠንጠረዡ እያነበበ እንዲልክ፣ የባሱ ተቀባይነት ሲረጋገጥ ብቻ «ተልኳል» ብሎ ምልክት እንዲያደርግ ያስፈልጋል።

ይህ ዘዴ መጥፋትን ይከላከላል፤ መደጋገምን ግን ይጋብዛል። ባሱ ተቀብሎ መልሱ በመንገድ ቢቀር ካምል ያንኑ ሁነት ደግሞ ይልካል። ኢቨንትብሪጅም ኤስኪውኤስም ቢያንስ አንድ ጊዜ ለማድረስ እንጂ አንድ ጊዜ ብቻ ለማድረስ ቃል አይገቡም። ካምል የተደገመን መልእክት የሚያጣራ ንድፍ አለው፤ ጥያቄው በምን መለያ ያጣራ የሚለው ነው። ብዙዎች ኢቨንትብሪጅ በሁነቱ ላይ የሚያትመውን መለያ ይመርጣሉ። ያ መለያ ግን ሁነቱ በተላከ ቁጥር አዲስ ሆኖ ስለሚሰጥ ሁለቱ ቅጂዎች ሁለት የተለያዩ ክፍያዎች መስለው ያልፋሉ። ትክክለኛው መለያ ከባሱ በፊት የተወለደው፣ ማለትም የክፍያው የደረሰኝ ቁጥር ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ መጓዝ አለበት። ቅደም ተከተልም አይጠበቅም፤ የክፍያ መሰረዝ ከክፍያው ቀድሞ ሊደርስ ስለሚችል ተቀባዩ ሁለቱን በደረሰኙ ቁጥርና በተፈጸሙበት ሰዓት ማስታረቅ ይኖርበታል።

የተማሪውን ስምና ስልክ በሁነቱ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም። ከግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣት ወዲህ ይህ የጥሩ ልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በመጨረሻም ሙከራው ሁሉ ሲያልቅ ሁነቱ የሚያርፍበት የውድቀት ወረፋ ይቀራል። ይህ ወረፋ ለደንቡ መድረሻ ካልተመደበለት ሁነቱ ይጣላል። ከተመደበለትም ኢቨንትብሪጅ እንዲጽፍበት ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል። የፈቃድ ጉድለት ያለበት መድረሻ ሲያጋጥም አገልግሎቱ ደጋግሞ ሳይሞክር ሁነቱን በቀጥታ ወደዚህ ወረፋ ይሰድደዋልና፣ በመጀመሪያው ቀን ሥራ ላይ ባዶ መሆኑን ሳያዩ መሄድ አይገባም። ለፕሮጀክታችሁ ስታቀርቡም የምጠይቃችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ይሆናል፦ ያንን ወረፋ በየጠዋቱ የሚከፍተው ሠራተኛ ማን ነው፣ በውስጡ የአንድ ተማሪ ደረሰኝ ቢያገኝስ ለማን ይደውላል?