ጥርስ ለምን ይበልዛል? በምንስ ይነጣል?

በስምጥ ሸለቆ ተወልዶ ያደገ ሰው ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ብዙ ጊዜ አፉን እንደከፈተ «የመቂ ልጅ ነህ? የዝዋይ? የወንጂ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጠያቂው ያየው የፊት ጥርሱን ነው። ቡናማ ሆኗል፤ አንዳንዱ ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ወይም ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ይታይበታል። በዚህ ምክንያት ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ፣ ፎቶ ሲነሱ ከንፈራቸውን የሚገጥሙ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ከሁሉ የሚከፋው ግን «ጥርሱን አይፍቅም» የሚለው ሐሜት ነው። ጠዋት በመፋቂያ፣ ማታ በብሩሽ ቢፍቁት ያ ቀለም አይለቅም። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ የደረሰበት ጉዳት ነውና።

ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች «ጥርስ እናነጣለን» የሚል ማስታወቂያ በየቦታው ይታያል። ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ማንጫ ፕላስተርም እንዲሁ በዝቷል። ይህን ሁሉ ከመሞከር በፊት አንድ ጥያቄ መቅደም አለበት እላለሁ፦ ይህ ጥርስ የበለዘው በምን ምክንያት ነው? መልሱ ሳይታወቅ የሚደረግ ማንጣት ገንዘብ ያባክናል፤ አንዳንዴም ጥርሱን ይጎዳል።

መጀመሪያ የጥርስን አሠራር እንይ። ከላይ የሚታየው ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በሰውነታችን ውስጥ ከእሱ የሚጠነክር ነገር የለም፤ ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ጠንካራ ይሁን እንጂ ብርሃን ያሳልፋል። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ደግሞ በተፈጥሮው ቢጫማ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ጥርስ እንደ ወረቀት ነጭ አይደለም፤ የዴንቲኑ ቢጫነት በኢናሜሉ በኩል ዘልቆ ይታያል። ክራንቻ ከፊት ጥርሶች ይልቅ ቢጫ የሚሆነውም በተፈጥሮ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ኢናሜሉ እየሳሳ፣ ዴንቲኑ እየወፈረ ስለሚሄድ የአዛውንት ጥርስ ከወጣት ጥርስ ይጠቁራል። በቴሌቪዥን የምናየው የተዋናዮች ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ የሐኪም እጅ ያረፈበት ስለሆነ ከእሱ ጋር ራስን ማወዳደር አይገባም።

የሚበልዝ ጥርስ በሁለት ይከፈላል፤ ከውጭ የበለዘና ከውስጥ የበለዘ።

ከውጭ የሚመጣው ቀላሉ ነው። ቡና፣ ሻይ፣ ሲጋራ፣ ከስኳርና ከሻይ ጋር የሚቃም ጫት፣ እነዚህ ሁሉ በጥርስ ላይ በሚጋገረው ስስ ሽፋን ላይ ቀለማቸውን ይተዋሉ። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ሽሮፕ የልጆችን ጥርስ ያጠቁራል፤ እናቶች በዚህ ይደነግጣሉ፣ ነገር ግን ጥቁረቱ ላይ ላዩን ብቻ ስለሆነ በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም። ለድድ ሕመም የሚታዘዘው ክሎርሄክሲዲን የተባለው የአፍ መጉመጥመጫም ከሁለት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ቡናማ ቀለም ይተዋል። ለእነዚህ ሁሉ መፍትሔው ጥርስ ማሳጠብ ነው። ሐኪሙ የተጋገረውን አራግፎ፣ ፊቱን አለስልሶ ሲጨርስ ብዙ ሰው «ነጣልኝ» ብሎ ይረካል፤ ሌላ ሕክምናም አያስፈልገውም።

ከውስጥ የሚበልዘው ግን ሌላ ነው። በኳስ ሜዳ ወይም በመውደቅ የተመታ ጥርስ ከወራት በኋላ ብቻውን ሊጠቁር ይችላል። ውስጡ ያለው ሥጋ ሞቶ፣ የፈሰሰው ደም ወደ ዴንቲኑ ቀዳዳዎች ገብቶ ነው። እንዲህ ያለው ጥርስ ሕመም ባይኖረውም ከሥሩ መግል ሊቋጥር ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ግድ ነው። ሌላው ምክንያት ቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ነው። እርጉዝ ሴት ወይም ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲወስደው በመሠራት ላይ ካለው ጥርስ ካልሲየም ጋር ይጣበቃል። ጥርሱ ሲበቅል ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ብርሃን እያየው ሲሄድ ወደ ግራጫና ቡናማ ይለወጣል፣ ብዙውን ጊዜም አግድም በተሰመሩ መስመሮች። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ካፕሱል እየገዙ ለልጅ መስጠት ከሚያስከትላቸው ጉዳቶች አንዱ ይህ ነው። ለዓይን ማዝ የሚቀባው የቴትራሳይክሊን ቅባት ግን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከዚህ አይቆጠርም።

ለእኛ አገር ትልቁ ጉዳይ ፍሎሮሲስ ነው። ታሪኩ የተጀመረው ከእኛ ርቆ፣ በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም ሥራ ሊጀምር ወደዚያች ከተማ ሲገባ የተወላጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። አንዱ የአሳማ ሥጋ ሲበዛ ነው ይለዋል፤ ሌላው ወተቱ ተበላሽቶ ነው ይለዋል። በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩት የጥርስ ሐኪም ግሪን ቫርዲማን ብላክ ከ1909 ጀምሮ በምርምሩ አገዙት። ያገኙት ሁለት ነገር ነበር። ጥርሱ የሚበልዘው በልጅነት ሲሠራ ብቻ ነው፤ አዋቂ ሆኖ የመጣ ሰው አይነካውም። ደግሞ ይህ የበለዘ ጥርስ በትል አይበላም ማለት ይቻላል፤ ይህ ሁለተኛው ለራሳቸውም እንቆቅልሽ ሆነባቸው። በ1923 በአይዳሆ ግዛት ኦክሊ በተባለች መንደር ወላጆች የልጆቻቸው ጥርስ መበለዝ የጀመረው ከአንድ ሞቃት ምንጭ ውሃ በቧንቧ ከመጣላቸው ወዲህ እንደሆነ ለማኬይ ነገሩት። ቧንቧውን ትተው ሌላ ምንጭ እንዲጠቀሙ መከራቸው፤ ከዚያ በኋላ የበቀለው የልጆቹ ጥርስ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። በውሃው ውስጥ ያለው ነገር ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው ግን በ1931 ነበር፤ ይህንም ያረጋገጠው ቸርችል የተባለ የአንድ አሉሚኒየም ኩባንያ ኬሚስት ነው።

ፍሎራይድ በልኩ ሲሆን ጥርስን ያጠነክራል፤ በጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው። ሲበዛ ግን ኢናሜሉን የሚሠሩት ሕዋሳት ሥራቸውን በቅጡ እንዳይጨርሱ ያደርጋል፤ ፍሎሮሲስ የሚባለው ይህ ጉዳት ነው። ጥርሱ ሲበቅል ቡናማ አይደለም፤ እንደ ጠመኔ የነጣ፣ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ሆኖ ይወጣል። ቡናማው ቀለም በኋላ፣ ከምግብና ከመጠጥ ወደ እነዚያ ቀዳዳዎች እየሰረገ የሚገባ ነው። ጉዳቱ ሲከፋ ኢናሜሉ እየተፈረፈረ ይወድቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆአችን ከ10 ሚሊግራም በላይ ያለባቸው ጉድጓዶች ተለክተዋል። ምክንያቱ መሬቱ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የተገኘው አለት ፍሎራይድ ለውሃው ይሰጣል፣ ውሃው ካልሲየም ስለሚያንሰው ደግሞ ፍሎራይዱ ሳይዘቅጥ ሟሙቶ ይቀራል። በሆላንዱ ኩባንያ በኤች ቪ ኤ ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ችግሩን አደባባይ ካወጡት ቦታዎች አንዱ ነው። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከሌላም አካባቢ ለሥራ የመጡ አዋቂዎች ጥርሳቸው እንዳለ ነበር፤ እዚያ የተወለዱት ልጆቻቸው ግን በላዛ ጥርስ አበቀሉ። ይኸው ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጡትን የአንዳንድ ሠራተኞችን አጥንት አደረቀው፤ አንገታቸውን ማዞር፣ ጀርባቸውን ማቅናት አቃታቸው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያደረጉት ጥናት በስምጥ ሸለቆ የጉዳቱን ስፋት አሳይቷል። ስለዚህ የበለዘው ጥርስ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አጥንትን የሚያሰጋ ውሃ መኖሩን ቀድሞ የሚናገር ምልክት ነው።

አሁን ወደ ማንጣቱ። ሐኪሞች ብሊቺንግ የሚሉት ሕክምና ዋና መድኃኒቱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ቅንጣቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ኢናሜሉን አልፎ ዴንቲኑ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ቀለም የያዙትን ትልልቅ ቅንጣቶች ይሰባብራቸዋል። የተሰባበሩት ብርሃን እንደ ቀድሞው ስለማይውጡ ጥርሱ ይነጣል። የተገኘውም በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት ቢል ክላስማየር የተባለ ጥርስ አስተካካይ ሐኪም የታካሚዎቹ ድድ እንዲድንላቸው ብሎ ፐርኦክሳይድ ያለበትን የአፍ መድኃኒት በሚያጠልቁት ማቀፊያ ውስጥ አድርገው እንዲተኙ አዘዘ። ድዱ ዳነ፤ ጥርሱም ነጣ። ሄይዉድና ሄይማን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ይህን ዘዴ በ1989 ከጻፉበት በኋላ ዓለም ሁሉ ተቀበለው።

ዛሬ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በክሊኒክ የሚደረገው ነው፤ ከ25 እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ብርቱ ፐርኦክሳይድ ድድን በመከላከያ ሸፍኖ ይቀባል። ሰማያዊ መብራት የሚያበሩበት ክሊኒክ አለ፤ መብራቱ ግን ውጤቱን ያን ያህል እንደማይጨምር ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል፣ ስለዚህ ለመብራቱ ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ። ከክሊኒክ እንደወጡ የሚታየው ንጣት በከፊል ከጥርሱ መድረቅ የመጣ ነው፤ በቀናት ውስጥ ጥቂት ይመለሳል። ሁለተኛው በጥርስ ልክ የተሠራ ስስ ማቀፊያ ውስጥ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ አድርጎ ሌሊት ማጥለቅ ነው። ይህ መጠን ከ3.5 በመቶ ያህል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር እኩል ነው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ ቀስ ያለ ነው፣ እኔ ግን ታጋሽ ለሆነ ሰው የምመርጠው ይህንን ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከ0.1 በመቶ በላይ እስከ 6 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበት ማንጫ የሚሸጠው ለጥርስ ሐኪም ብቻ ነው፤ ዕድሜው 18 ላልሞላም አይፈቀድም።

ማንጫው የማይደርስባቸው ነገሮች አሉ። የተሞላ ጥርስና ክራውን የሚባለው የጥርስ ቆብ አይነጣም፤ የፊት ጥርሱን ያስሞላ ሰው ሌላው ሲነጣ ሙሌቱ ጠቁሮ ይቀርበታል። ቴትራሳይክሊን ያበለዘው ወራት ይፈጃል፣ ውጤቱም ሙሉ አይደለም። የሞተ ጥርስ መጀመሪያ ሥሩ መታከም አለበት፤ የሚነጣውም መድኃኒቱ ከውስጥ ተደርጎ ነው። ሕክምናው ላይ ቀዝቃዛ ነገር ጥርስን ቢወጋ አያስደነግጥም፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ይለቃል። የተቦረቦረ ጥርስ ያለው ግን አስቀድሞ ያስሞላ፤ ነፍሰ ጡርም ሕክምናውን ከወሊድ በኋላ ታድርገው።

ፍሎሮሲስ ያለበት ጥርስ ሲነጣ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በፐርኦክሳይድ ብቻ ሲሞከር ነጫጭ ነጠብጣቦቹ ለጊዜው ከበፊቱ ጎልተው ሊታዩ ይችላሉ። ለቀላሉ ሐኪሙ አሲድ ከደቃቅ መፈተጊያ ጋር ቀላቅሎ የላይኛውን ስስ ንጣፍ ይፍቃል፤ ከዚያ ብሊቺንግ ይከተላል። ቀዳዳዎቹን ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ሙጫ መሙላትም አለ። ኢናሜሉ የተፈረፈረበት ሰው ግን ማንጣት አይጠቅመውም፤ የፊቱን ገጽ በሙሌት ወይም ቬኒር በሚባል ስስ ልባጭ ማሸፈን ነው ያለው። ይህን በግልጽ የሚነግር ሐኪም እመኑት።

በየቤቱ የሚሞከረው ደግሞ አለ፤ ሎሚ፣ ከሰል፣ አመድ። ሎሚ ኢናሜሉን የሚያሟሟ አሲድ ነው፤ ከሰልና አመድ ይፍቁታል። ለጊዜው ያበራ የመሰለው ጥርስ ኢናሜሉ ሲሳሳ የዴንቲኑ ቢጫነት ይበልጥ ይወጣበታል፤ አንዴ ያለቀ ኢናሜል ደግሞ አይበቅልም። አያቶቻችን ለዚህ የነበራቸው ብልሃት ጥርሱን አይነካም ነበር፤ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሴቶች ድዳቸውን የሚነቀሱት በጠቆረው ድድ ላይ ጥርሱ ነጥቶ እንዲታይ ነው። ለመርፌው ንጽሕና ስል አልመክረውም፤ ዓይን ንጣትን የሚለካው ከአጠገቡ ካለው ቀለም ጋር አነጻጽሮ መሆኑን ግን በደንብ አውቀው ነበር።

ለአዋቂው ያለው ይህ ነው። የልጆቹ ጥርስ ግን ገና እየተሠራ ስለሆነ ሳይበልዝ ማዳን ይቻላል። ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንፋሎቱ ሲወጣ የቀረው ውሃ እንዲያውም ይበልጥ ይከማችበታል። ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ፣ ከወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ የቧንቧ ውሃ፣ ወይም ፍሎራይድን ለማስቀረት በተሠራ ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ይሻላል። ወተት ካልሲየሙ ፍሎራይዱን ስለሚይዘው ያግዛል። ትንንሽ ልጆች ጥርሳቸውን ሲቦርሹ ሳሙናውን እንዳይውጡም ጠብቋቸው። ከመቂ እስከ ሐዋሳ፣ ከወንጂ እስከ ዝዋይ ከስምንት ዓመት በታች ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ፣ የምትቀዱበት ጉድጓድ ፍሎራይዱ ስንት እንደሆነ የአካባቢያችሁን የውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ከሆነም ቢያንስ ለልጁ መጠጥና ለምግቡ ማብሰያ ሌላ ውሃ ፈልጉለት።